ጤነኛውን ዓይን መሸፈን

ሰው ሲያናግረኝ የትኛውን ዓይኔን ማየት እንዳለበት ግራ ይገባዋል። ቀኙን ያያል፣ ወደ ግራው ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ አፍንጫዬ ላይ ያርፋል። ድሮ አንገቴን እደፋ ነበር። አሁን "አንዱን ምረጥና እንቀጥል" እላለሁ። ሰውዬው ይደነግጣል፤ ወሬው ግን ወደ ጉዳዩ ይመለሳል።

ግራ ዓይኔ ወደ ውስጥ የዞረ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። መዞሩ ግን ትንሹ ነገር ነው። ለሰው የሚታየው እሱ ስለሆነ የሚያወራውም ስለ እሱ ነው። የማይታየው ትልቁ ነገር ርቀት አለማየቴ ነው። የምሠራው በአንዱ ዓይን ብቻ ነው፤ ሌላው ለቁጥር ያህል ተቀምጧል። ሁለት ዓይን ያለው ሰው በማንቆርቆሪያውና በብርጭቆው መካከል ምን ያህል ክፍተት እንዳለ ሳያስብ ያውቀዋል አሉ። እኔ አላውቀውም። ለእኔ ሁሉም ነገር ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ነው፤ የቱ ከፊት የቱ ከኋላ እንደሆነ የምደርስበት በዘዴ ነው።

ዘዴ ደግሞ ሞልቶኛል። ሻይ ስቀዳ የማንቆርቆሪያውን አፍ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ አስነክቼ ነው። ደረጃ ስወርድ ተረከዜን ከኋላዬ ካለው ደረጃ ጋር እያስታከክሁ ነው። ዕቃ ስቀበል በሁለት እጄ ነው። ይህቺ በሁለት እጅ መቀበል ስንት ምርቃት አስገኝታልኛለች! "ምን ያለች ጨዋ ናት፣ ያሳደጋት ይባረክ" ይላሉ ሽማግሌዎች። ጨዋነቱ ቢኖረኝም ባይኖረኝም፣ አንድ እጄን ብቻ ብዘረጋ ዕቃውን ስቼ አየር እንደምጨብጥ ስለማውቅ ነው። ወጋችን እንዲህ መሆኑ በጀኝ።

ያደግኩት አዋሽ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከደጋ መጥቶ ሙቀቱን ሲረግም ኖሮ እዚያው አረፈ። የሰፈሩ ልጆች ከየአገሩ የተሰባሰብን ነበርን። ከግማሻችን ቤት በጾም ሽሮ ይሸታል፣ ከግማሻችን ቤት በረመዳን ሾርባ። ጨዋታ ላይ ግን አንድ ነን። ፔፕሲ ስንጫወት ኳሷ የምትታየኝ እየተለቀች የምትሄድ ክብ ሆና ነው፤ መድረሷን የማውቀው ግንባሬን ስትለኝ ነው። "አንቺ ሸውራራ፣ ያዣት እንጂ!" ይሉኛል። ኳሷን ይዤ አላውቅም። የሳቀብኝን ግን እይዝ ነበር። አንዴ ፀጉር እጄ ከገባ የርቀት ጉዳይ አያስቸግረኝም።

እናቴ ስለ ዓይኔ መጀመሪያ ያደረገችው ጸበል መውሰድ ነበር። ጸበሉ አላቀናውም። ከዚያ በኋላ እንግዳ ሲመጣ ከመስኮቱ ራቅ ብዬ እንድቀመጥ አስለመደችኝ። አንድ ቀን የአባቴ አለቃ ሊጠይቀን መጥቶ እጅ ላስታጥብ ተነሣሁ፣ ትልቋ ልጅ እኔ ነኛ። ሰውዬው እጁን ዘረጋ፤ እኔም ውሃውን ከእጁ አሳልፌ ሱሪው ላይ አወረድኩት። አባቴ ሳቀ፣ አለቃውም ሳቀ። እናቴ ግን ማስታጠቢያውን ከእጄ ወስዳ ለታናሽ እህቴ ሰጠቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ የምታስታጥበው እሷ ሆነች። እስከ ዛሬ ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል፤ እስክለምደው ቢተዉኝ ኖሮ የማንቆርቆሪያውን ዘዴ ያን ጊዜ አገኘው ነበር።

ጎረቤት ስለ ዓይኔ ሲያነሣባት ግን እናቴ ነብር ነበረች። "ልጄ ምን ጎደላት?" ትላለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ይህቺን ቃል ወረስኳት። ኮሌጅ ስገባ፣ ሰመራ ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ ተማሪዎች ከኋላ ወንበር ሲንሾካሾኩ፣ ለሁሉም መልሴ እሷ ነበረች፤ ምን ጎደለኝ? ባሌ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ሎጊያ ላይ ተሳቢውን ወደ ኋላ እየነዳ በሁለት መኪኖች መካከል ሲያስገባ አይቼ ነው ልቤ የሄደው። እሱም እኔ ሻይ ስቀዳ አይቶ መሳቁን አልደበቀኝም።

ልጄ አራት ዓመቷን ልትይዝ ስትል ነው ነገሩ የመጣው። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ላይ አቀርቅራ ቆይታ "ማሚ" ብላ ቀና አለች። ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ገብቶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። እንደገና መጽሐፉን ስታይ እንደገና ገባ።

ያን ቀን እንዳለቀስኩት ለራሴ ዓይን አልቅሼ አላውቅም። እንባዬን ስጨርስ ተናደድኩ፣ በራሴ። ምን ጎደለኝ ስትል የኖረች ሴት፣ ልጇ እሷን ስትመስል ለምን ታለቅሳለች? መልሱን አልፈለግኩትም። ትምህርት ቤቱን ፈቃድ ጠይቄ ልጄን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በገዋኔ አልፈን፣ አዋሽ እናቴ ቤት አድረን፣ በማግስቱ አዳማ አንድ የዓይን ክሊኒክ ገባን።

ዶክተሯ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። መብራት አበራች፣ ሥዕል አሳየች፣ የልጄን ዓይኖች በየተራ ሸፈነች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

"ዓይኗ አልታመመም" አለችኝ። "ግራው አጥርቶ አያይም፤ አንጎሏ ደግሞ ብልጥ ነው፣ ከደህናው ብቻ ይቀበልና ሌላውን ይተወዋል። የተተወ ዓይን ይሰንፋል። መነፅር እናደርግላታለን። ከዚያ በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ቀኙን፣ ጤነኛውን፣ በፕላስተር እንሸፍነዋለን። ሰነፉ ወዶ ባይሆን ተገዶ ይሠራል።"

"ከዚያስ?"

"ሁለቱ እኩል ከሠሩ አብረው ማየት ሊለምዱ ይችላሉ። ርቀት የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ግን ልጅነቷ ሳያልፍ መሆን አለበት፤ በኋላ አንጎሉ እሺ አይልም።"

"የእኔ አልፎበታል ማለት ነው።"

"አዎ" አለች። አላሽሞነሞነችውም፣ አይዞሽ አላለችም። ወደድኳት።

ሰመራ ተመልሰን ጀመርነው። በዚያ ሙቀት ፊት ላይ ፕላስተር መለጠፍ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አይፍረድ። ላቡ ይልጠዋል፣ እኔ እለጥፋለሁ፣ እሷ ትቀደዋለች፣ እኔ እለጥፋለሁ። ቀኝ ዓይኗ ሲሸፈን ልጄ ወንበር እየገጨች፣ ማንኪያ እየሳተች ትውላለች። ያየ ሁሉ "ውይ፣ ምን አገኛት?" ይላል። ቀጥሎ "ምነው ጤነኛውን ሸፈናችሁት?" ይላል። ደከመኝ፤ ግን አላቆምኩም።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ የክረምት ትምህርት ደሴ መውጣት ነበረብኝ፤ ባሌ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ልጄን አዋሽ እናቴ ጋ አደረስኳት። ፕላስተሩን በካርቶን ሰጠኋት። እንዴት እንደሚለጠፍ አሳየኋት። "ቀኙን ነው እማዬ፣ ደህናውን" አልኳት። "ሰማሁ" አለች። ከደሴ በየማታው እደውላለሁ። "ለጠፍሽላት?" እላለሁ። "ለጥፌላታለሁ፣ ምን ሆነሻል፣ ትምህርትሽን ተማሪ" ትለኛለች። ተረጋግቼ ተማርኩ።

መስከረም ሊጠባ ሲል አዋሽ ደርሼ ልጄን ወሰድኩ። መሽቶ ስለገባሁ ተኝታ ነበር ያገኘኋት፤ ሲነጋ ደግሞ ወደ አዳማ የሚሄደውን የመጀመሪያ መኪና ለመያዝ እየተጣደፍን ወጣን። ፊቷ ላይ ሽፍታ አይቻለሁ። አዋሽ በሙቀት ሽፍታ የማይወጣበት ልጅ የለምና ነገሬ አላልኩትም።

አዳማ ዶክተሯ ግራ ዓይኗን መረመረች። ደግማ መረመረች። ፊቷ ላይ ያለው ነገር አላማረኝም።

"ምንም ለውጥ የለም" አለች። "እንዲያውም ከበፊቱ የባሰ ነው። ፕላስተሩ ይለጠፍ ነበር?"

"በየቀኑ!" አልኩ። በእናቴ ስም ልቆጣ ደርሼ ነበር።

ልጄን አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻት። ሽፍታው በግራ ዓይኗ ዙሪያ ነው፤ የፕላስተሩ ቅርጽ ልክ ተቆርጦ ታትሟል። ቀኝ ዓይኗ ዙሪያ አንዲት ነጠብጣብ የለችም። "የኔ ቆንጆ፣ ፕላስተሩን የት ነበር የምታደርጊው?" ስትላት ልጄ በኩራት ግራ ዓይኗን ነካች። "አያቴ እዚህ ነው የምትለጥፍልኝ።"

ክረምቱን ሙሉ ሰነፉ ዓይን ተሸፍኖ ተኝቷል። ብርቱው የበለጠ በርትቷል። ዶክተሯ አልወቀሰችኝም። ሰዓቱን ጨመረችና "አልመሸም፣ ግን እየመሸ ነው" አለችኝ። ከአዳማ እስከ አዋሽ ከልጄ ጋር ብዙ አልተጫወትኩም፤ ለእናቴ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር።

ስንደርስ እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ልጄን ወደ ውስጥ አስገባሁና ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

"እማዬ፣ ፕላስተሩን የት ነበር የምትለጥፊላት?"

"ዓይኗ ላይ ነዋ። የት ልለጥፈው?"

"የትኛው ዓይኗ ላይ?"

ከምስሩ ላይ ቀና አላለችም። "የታመመው ላይ" አለች።

"ጤነኛው ላይ አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል። አንቺ፣ ሰው ጣቱን ሲቆረጥ ጤነኛውን ጣት ነው የሚጠቀልለው? ደህና ዓይን ሸፍኜ የልጅ ልጄን በገዛ እጄ ላሳውር? መጀመሪያ ቀን እንዳልሽኝ ለጠፍኩላት። ከበሩ ጋር ተጋጨች። ሁለተኛ አይለምደኝም አልኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ።"

"በየቀኑ ለጥፌላታለሁ ስትይኝ ነበር!"

"ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አንድ ቀን ዘልዬ እንደሆነ!"

እውነቷን ነው። አንድ ቀን አልዘለለችም። ዋሽታኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ትጋት፣ በዚያ ሁሉ ፍቅር፣ የልጄን ዓይን ስታስተኛ ከረመች። ጮህኩባት። በዕድሜዬ እናቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። "ልጅቷ እኔን ልትሆን ነው!" አልኩ።

"አንቺን ብትሆንስ?" አለች፣ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "አንቺ ምን ጎደለሽ? ተማርሽ፣ ሥራ ያዝሽ፣ አገባሽ፣ ወለድሽ። ምን ጎደለሽ?"

የኖርኩባትን ቃል መልሳ ፊቴ ላይ ወረወረችብኝ። ይህቺንም መያዝ አቃተኝ።

"ምን እንደጎደለኝ አላውቅም እማዬ!" አልኳት። "አይቼው አላውቅማ! ልጄን አርግዤ የወደቅኩ ጊዜ ቀሚስ ጠለፈኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። ሰመራ የሄድኩበት ቢሮ ደረጃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሴራሚክ ነው። የመጨረሻው ደረጃ ወለል መሰለኝ፤ ብረግጥ አየር ነው። ሆዴን አቅፌ መሬት ላይ ተቀምጬ ልጅቷ እስክትንቀሳቀስ ያልተሳልኩት ስለት የለም። ሎጊያ አስፋልት ለመሻገር የሚመጣው መኪና ሩቅ ይሁን ቅርብ ስለማላውቅ፣ ሌላ ሰው እስኪሻገር ጠብቄ ከኋላው ነው የምሮጠው። ይኸው ነው ኑሮዬ። እኖረዋለሁ፣ አላማርርም። እሷ ግን ለምን?"

የምስሩ ሰፌድ ጉልበቷ ላይ እንዳለ እጇ ቆመ።

"ያን ጊዜ ለምን እውነቱን አልነገርሽኝም?"

"ልጄ ምን ጎደላት ስትይ ኖረሽ፣ ይኼ ጎደላት ብዬ ላሳፍርሽ?"

ሰፌዱን ከጉልበቷ አወረደች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጆቹ ሸውራራ ሲሉኝ ማድቤት ገብታ ታለቅስ እንደነበር ነገረችኝ። "እኔን የሚቆጨኝ ያንቺን አለመሸፈኔ ነው" አለች። "የሷ እንኳን አይታይባት ብዬ ነው። ዓይኗ ሲዞር ሰው እንዳያይባት። ሌላ ምን አለኝ?"

አሳዘነችኝ። ብታሳዝነኝም አልተውኳትም። "እማዬ፣ እኔ በዓይኔ አፍሬ አላውቅም" አልኳት። "ያፈርሽው አንቺ ነሽ።" ሰፌዷን አንሥታ ወደ ማድቤት ገባች። ራት በልተን ተኛን።

ሲነጋ ከእንቅልፌ የነቃሁት በልጄ ሳቅ ነው። እናቴ ከአልጋዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ልጄን በጉልበቷ መካከል አቁማለች። ፕላስተሩን ቀኝ ዓይኗ ላይ ለጥፋ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ታስተካክላለች። "ይኼኛው ነው አይደል?" አለችኝ፣ ሳታየኝ። "እሱ ነው" አልኳት። ነጠላዋን አደረገችና ልጄን እጇን ይዛ ወጣች። ተከተልኳቸው። የሚገዛው ዳቦ ነበር፣ ሱቁም ደጃችን ላይ ነው፤ እናቴ ግን ሱቁን አልፋ፣ ሐዲዱን ተሻግራ፣ በገበያው መካከል ልጄን ይዛ አለፈች። ልጄ ትደናቀፋለች፣ እናቴ ትይዛታለች። አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ሽንኩርቷን ትታ ተነሣች።

"ውይ፣ ጤነኛውን ሸፈናችሁት እኮ!"

"አዎ!" አለች እናቴ፣ እጇ ወገቧ ላይ። "ጤነኛውን ነው የሸፈንነው። ሌላኛው እንዲሠራ። አልገባሽም እንዴ? ለእኔም አልገባኝም ነበር።"

ሴትዮዋ ቁጭ አለች። እናቴን በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ወድጃት አላውቅም።

ሰመራ ስንመለስ ጎረቤታችን የሆነችው የአፋር ሴት በር ላይ ጠበቀችን። አፋሮች ከመንገድ የመጣን ሰው ዳጉ ይጠይቃሉ፤ ከየት እንደመጣህ፣ ምን እንዳየህ፣ ምን እንደሰማህ ተቀምጠህ ትናገራለህ፣ የሰማው ደግሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ሁልጊዜ በአጭሩ ነበር የምገላግላት። ያን ቀን ግን ጥላው ሥር ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሰነፉ ዓይን፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ እናቴ፣ እየመሸ ነው ስለተባልኩት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ስጨርስ "የሚሸፈነው ደህናው ነው። የሚሠራው ሰነፉ ነው። ልክ ነኝ?" አለችኝ።

"ልክ ነሽ።"

"ወላሂ ጥሩ ነገር ነው። አላህ ያሽራት። አሁን አንቺ ዝም በይ፣ ይበቃል።"

በሳምንቱ ምነው ጤነኛውን የሚለኝ ሰው ጠፋ። ከሰርዶ ወተት ይዘው የሚመጡ፣ አይቻቸው የማላውቅ አንዲት እናት፣ ልጄን መንገድ ላይ ሲያገኟት ጎንበስ ብለው "ሰነፉ እንዴት ነው፣ ይሠራል?" አሏት። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ያስረዳሁትና ያልገባው ሰው፣ በዳጉ ሳይጣመም ደረሰው። የእኛ ሐሜት ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ሎጊያ ስትደርስ ሁለት ዓይኗ ጠፍቶ ነበር።

ልጄ ግን ሌላ ጦርነት ከፈተችብኝ። አንድ ቀን ፕላስተሩን ስለጥፍ እጄን ያዘችኝ።

"ያንቺም ይዞራል። አንቺ ለምን አትለጥፊም?"

"የእኔ ጊዜው አልፏል።"

"ያንቺ ዓይን መጥፎ ነው?"

ይህ ነው ስሸሸው የከረምኩት ጥያቄ። "መጥፎ አይደለም" አልኳት። "የእኔ ነው፣ አላፍርበትም። ሰው ቢስቅብሽም አንቺ አትፈሪ። ግን ከእኔ የበለጠ ብታይልኝ ደስ ይለኛል።" ለራሴም የመለስኩት ያን ጊዜ ነው። አለማፈርና አለመጉደል አንድ አይደሉም፤ እኔ ሁለቱን ስቀላቅል ነበር የኖርኩት።

ይሁን እንጂ በንግግር የምትረታ ልጅ አልነበረችም። ስለዚህ አንድ ፕላስተር አውጥቼ የራሴን ደህና ዓይን ሸፈንኩ። በሰነፉ ዓይኔ ዓለም ጭጋግ ናት፤ ቤቱን በዳበሳ ዞርኩት። ሁለታችን ሻይ ልንቀዳ ተነሣን። "የማንቆርቆሪያውን አፍ ብርጭቆው ላይ አስነኪ" አልኳት። "እንዲህ?" "እንዲህ።" ዘዴዎቼን አንድ በአንድ አስተማርኳት፤ ደረጃውን በተረከዝ፣ ዕቃውን በሁለት እጅ። ባሌ ከመንገድ ሲገባ ሁለታችንም አንድ አንድ ዓይናችንን ሸፍነን ወለሉ ላይ የፈሰሰ ሻይ ስንወለውል አገኘን። በሩ ላይ ቆሞ "ይኼን ቤት ማን ነው የሚነዳው?" አለ። ልጄ "ሰነፎቹ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፕላስተር ስለጥፍላት አልታገለችኝም።

መዋዕለ ሕፃናቷ የዓመቱ መጨረሻ ፎቶ ሲያነሣ አስተማሪዋ ጠጋ ብላ "ለፎቶው እንኳን እናውልቅላት?" አለችኝ። በደግነት ነው፣ አውቃለሁ። "አይወልቅም" አልኳት። ፎቶው ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ ጋዋን፣ ቆብ፣ መነፅር፣ በመነፅሩ ሥር ፕላስተር፣ ከዚያ ሥር እስከ ጆሮ የተከፈተ ፈገግታ። አላስወለቅኩም፤ አሁንም ቢሆን አላስወልቅም።

እንዲህ እያልን ወቅቶቹ አለፉ። አዳማ ስንመላለስ የግራ ዓይኗ ንባብ በሰሌዳው ላይ ወደ ታች እየወረደ፣ ወደ ትንንሾቹ ምልክቶች እየደረሰ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ቀን ዶክተሯ "በሚቀጥለው ስትመጡ አብረው ማየት መጀመራቸውን እንፈትናለን" አለች። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት "እኔም እመጣለሁ" አለች። "ቃሉ በገዛ ጆሮዬ ይድረሰኝ፣ ኋላ እንደገና እንዳላበላሽ።" ከአዋሽ አብራን ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።  አንጎሉ እሺ ካላለ፣ ያ ሁሉ ፕላስተር፣ ያ ሁሉ ትግል ከንቱ ነው፣ ልጄ የምትወርሰው የእኔን ዘዴዎች ብቻ ነው።

ዶክተሯ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ሰፊ ካርድ አወጣች። ላዩ ላይ አንድ ትልቅ፣ አስቀያሚ የዝንብ ሥዕል አለ። ለልጄ በመነፅሯ ላይ ሌላ ጥቁር መነፅር ደረበችላትና ካርዱን ፊት ለፊቷ ዘረጋችው። "ክንፉን በሁለት ጣትሽ ያዢልኝ" አለቻት።

ልጄ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ካርዱ ጋ ሳይደርሱ አየር ላይ ቆሙ። እዚያ፣ ምንም በሌለበት፣ ሁለት ጣቶቿን ገጠመች። ከዚያ ጮኸች፣ እጇን ሰብስባ ደረቴ ሥር ገባች። "ማሚ፣ ይነሣል! ዝንቡ ቆሟል!"

ዶክተሯ ወንበሯ ላይ ተደግፋ ሳቀች። "አየችው" አለች። "ርቀት አየች። ሁለቱ ዓይኖች አብረው ካላዩ ዝንቡ ከወረቀቱ አይነሣም።"

እናቴ "እስቲ ልየው" አለች። ጥቁሩን መነፅር ዓይኗ ላይ አድርጋ ካርዱን አየች። "በስመ አብ!" ብላ ወደ ኋላ አለች። እሷም እጇን ሰደደች፣ እሷም አየር ላይ ቆነጠጠች።

ተራው የእኔ ሆነ። ማንም አላዘዘኝም፣ ራሴ ነኝ መነፅሩን የተቀበልኩት፣ በሁለት እጄ። አደረግኩት። ካርድ ነው። ካርድ ላይ የታተመ ዝንብ። ጣቴን ዘረጋሁ፣ ወረቀቱ ላይ አረፈ። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና ወረቀቱ ላይ አረፈ። እናቴ ጣቴን አየች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደጎደለኝ በዓይኗ አየችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"እማዬ፣ አታልቅሺ" አልኳት። "የሚለቀስበት ቀን አይደለም። ልጄ አይታለች!"

ልጄ ከደረቴ ሥር ወጣች። ጣቴን ከወረቀቱ ላይ አነሣችና ወደ ላይ ጎተተችው። አየር ላይ አቆመችው።

"እዚያ አይደለም ማሚ፣ እዚህ ጋ ነው። አትፍሪ፣ አይነክስም።"

ለእኔ እዚያ ምንም አልነበረም። ጣቴን ግን ካቆመችበት አላወረድኩትም።